አንዲት ስሙኒ ስንት ሰዓት ታቆያለች?

ስሙኝማ! ዛሬ የማወጋችሁ የአንዲት ስሙኒ ታሪክ ነው። የኛዋ ስሙኒ አይደለችም፤ የአሜሪካኖቹ ናት፣ በአንድ ፊቷ የጆርጅ ዋሽንግተን መልክ የተቀረጸባት ሃያ አምስት ሳንቲም። በአንድ ወገን ይህቺን ስሙኒ ውጦ በሁለት በሦስት ደቂቃ ውስጥ «በል ሌላ አምጣ» እንዲል ተደርጎ የተሠራ ማሽን ቆሟል። በሌላው ወገን ሌላ ስሙኒ የሌለው ልጅ ቆሟል። ማሽኑ ያሳጥራል፤ ልጁ ያስረዝማል። ፒንቦል በሉት፣ የቪዲዮ ጌም በሉት፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተካሄደው ትግል ይኸው ነው። በመካከሉ ከንቲባ አለ፣ መዶሻ የያዘ ፖሊስ አለ፣ አንድ አምባገነን አለ፤ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅም አለ፤ እሱ ጋ ስንደርስ ቀስ ብለን እንሄዳለን። ዓመቱን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥርላችሁ፤ አገሩም ጨዋታውም የነሱ ነውና።

ከቺካጎ እንነሣ። 1931 ነው። ፋብሪካ ተዘግቷል፣ ባንክ ከስሯል፣ ጎልማሳው ለሾርባ ተሰልፏል። እንዲህ ባለ ዘመን ዴቪድ ጎትሊብ የሚባል ነጋዴ ባንኮኒ ላይ የሚቀመጥ ሣጥን ይዞ ብቅ አለ፤ ስሙ «ባፍል ቦል»። ሣጥኑ ዘመም ያለ ነው፤ ከላይ መስተዋት፣ ከውስጥ ተርታ የተመቱ ሚስማሮችና ጥቂት ጉድጓዶች። ባለ ሞላውን እጀታ ስቦ መልቀቅ ነው፤ ኳሷ ሽቅብ ትወነጨፍና ከሚስማር ሚስማር እየተላተመች ቁልቁል ትወርዳለች። ጉድጓድ ከገባች ነጥብ ነው። ብይ የተጫወተ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ብይ ነው፣ መስተዋት የለበሰ ብይ። በአንድ ሳንቲም ከአምስት እስከ ሰባት ኳስ ይሰጣል። ለሲኒማ መግቢያ ያጣ ሰው አንድ ሳንቲም አያጣም። ጎትሊብ ሣጥኑን በ17 ዶላር ተኩል እየቸበቸበ ከ50,000 በላይ ሸጠ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዛሬ ፒንቦል ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጡት፣ ኳሷ ወደ ታች ስትሾልክ ጧ አድርገው የሚመልሷት ሁለቱ ክንፎች፣ ፍሊፐር የሚባሉት፣ በዚያ ሣጥን ላይ የሉም። ገና አልተፈጠሩም። ኳሷን ከለቀቅህ በኋላ ሥራህ አልቋል፤ ቆሞ ማየት ነው። ግን ገንዘቡን ከፍሎ ቆሞ የሚያይ ማን አለ? ሣጥኑን ይገፋሉ፣ በጉልበት ይደግፋሉ፣ ብሶ ሲመጣም ከሥር በመዳፍ ይመታሉ፤ ኳሷ ዘላ ጉድጓድ ትገባለች። ሃሪ ዊሊያምስ የሚባል ሌላ የጨዋታ ሠሪ ይህን አይቶ ከመናደዱ የተነሣ በሣጥኑ ታች ሚስማር መታበት፤ ሹሉ ወደ ውጭ፣ የሚመታው እጅ እንዲወጋ! ኋላ ግን የገዛ ጭካኔው አልዋጥልህ አለውና ሌላ ዘዴ ፈለገ፤ ሣጥኑ ሲናወጥ ጨዋታውን የሚያቋርጥ መሣሪያ። «ቲልት» ይሉታል። ቆይቶ የተለመደው ዓይነቱ እንዲህ ነው፦ ከሆዱ ውስጥ አንድ የብረት ዘንግ በቀለበት መካከል ተንጠልጥሏል። ሣጥኑ ከመጠን በላይ ሲወዛወዝ ዘንጉ ቀለበቱን ይነካል፣ ኤሌክትሪኩ ይገናኛል፣ መብራቱ ጥፍት ይላል፣ ኳሷም ገደል ትገባለች። ከዚያ ወዲህ የፒንቦል ልጅ የሚለየው በዚህ ሆነ፤ ኳሷ እንድትሰማው፣ ዘንጉ እንዳይሰማው አድርጎ መግፋት። በዳሌው ነካ፣ በመዳፉ ገፋ፣ እንደገና ጸጥ። ይህን ማንም መምህር አያስተምርም፤ ስሙኒ እየከፈሉ የሚማሩት ነው።

ታዲያ ጨዋታው ያልጣመው ሰው ኒውዮርክ ላይ ነበር። ከንቲባው ፊዮሬሎ ላጉዋርዲያ፤ ያ ዛሬ አውሮፕላን ማረፊያ የተሰየመለት ሰውዬ። ቁመቱ አጭር፣ ቁጣው ረዥም፣ ሕዝቡ የሚወደው፣ ሌባ የሚፈራው። የቁማር ማሽን በመዶሻ ሲያደቅ ፎቶ መነሣት ይወዳል። ፒንቦልም በሱ ዓይን ቁማር ነው፣ ከጀርባውም ወሮበላ አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጆች ለምሳ የተሰጣቸውን ሳንቲም ከኪሳቸው ይቀማል ብሎ ያምናል። በጥር 1942፣ አሜሪካ ጦርነት ውስጥ በገባች በሳምንታት ውስጥ፣ ፒንቦል ከከተማው ታገደ። ፖሊስ ከረሜላ መሸጫውን፣ ቡና ቤቱን፣ ቦውሊንግ ቤቱን እየበረበረ ማሽን ለቀመ። ማሽኖቹ በአደባባይ ተደቀቁ፣ ስብርባሪው ባሕር ተጣለ። የእንጨት እግራቸው ሳይቀር ለፖሊስ ዱላ ሆነ። ያኔ ልጅ የነበረ ኒውዮርካዊ ትናንት የሚጫወትበት ጠረጴዛ እግር ዛሬ በፖሊስ ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ አይቶ ይሆናል፤ ይህን ያህል ቀልድ ሕግ ራሱ ሲቀልድ ነው የሚገኘው።

ከንቲባውን ግን ዝም ብሎ መስደብ አይገባም። በ1942 ስለነበረው ማሽን ካወራን ሰውየው ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። ከለቀቅካት በኋላ የማታዛት ኳስ ከዕጣ በምን ትለያለች? አንዳንዱም ማሽን ሲያሸንፉበት ገንዘብ ይተፋ ነበር። ክፋቱ ምንድን ነው፣ ሕጉ ከወጣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1947፣ ያው የጎትሊብ ኩባንያ «ሃምፕቲ ደምፕቲ» የተባለውን ማሽን አወጣ፤ ባለ ስድስት ፍሊፐር። ቁልፍ ስትጫን ክንፉ ይወራጫል፣ የምትሞተውን ኳስ ታስነሣታለህ። ጨዋታው በአንድ ጀምበር ሌላ ሆነ። ሕጉ ግን ሌላ አልሆነም። ሕጉ የሚያውቀው ክንፍ አልባውን ሣጥን ነበር፤ ያ ሣጥን ከዓለም ጠፍቶም እንኳ እያሳደደው፣ በድምሩ ሠላሳ አራት ዓመት ኖረ። ሎስ አንጀለስም አግዳ ነበር። ይባስ ብሎ ቺካጎ ራሷ፣ የጎትሊብ፣ የባሊና የዊሊያምስ ኩባንያዎች ማሽን እያመረቱ ለዓለም የሚልኩባት ቺካጎ፣ በገዛ ክልሏ ውስጥ ፒንቦልን ከልክላ ኖራለች።

እንግዲህ ወደ 1976 እንዝለል። ሮጀር ሻርፕ የሚባል ባለሪዝ ጋዜጠኛ አለ፤ ገና ሠላሳ ያልሞላው። ፒንቦልን የለመደው ዊስኮንሲን ተማሪ ሳለ ነው። ኒውዮርክ ሲመጣ ማሽን ቢፈልግ ቢፈልግ የሚያገኘው ከመጋረጃ ጀርባ፣ ልጅ ይዘው በማይገቡበት ሱቅ ውስጥ ነው። ተናደደ፤ ተናዶም ስለ ፒንቦል መጽሐፍ ሊጽፍ ተነሣ። የማሽን አከራዮቹ ማኅበር እገዳውን ለማስነሣት የከተማውን ምክር ቤት ሲማጸን ምስክር አደረገው። የክርክሩ ፍሬ አንዲት ጥያቄ ናት፤ ይህ ነገር የእጅ ነው ወይስ የዕድል? ዕድል ከሆነ ቁማር ነው፣ እንደታገደ ይኑር። እጅ ከሆነ ጨዋታ ነው።

ሁለት ማሽን ወደ አዳራሹ ገባ። አንዱ ሻርፕ የተለማመደበት ነው፤ ሁለተኛው ምናልባት ያ ቢበላሽ ተብሎ የመጣ ተጠባባቂ። ሻርፕ ወደ መጀመሪያው ሲራመድ አንድ ነገሩ ያላማረው የምክር ቤት አባል አስቆመው። ምን ታውቃላችሁ፣ ማሽኑ ተጠምዝዞ መጥቶ ይሆናል፤ በዚያኛው ይጫወት አለ። ተጠባባቂውም የጎትሊብ ሥራ ነው። እስቲ አስቡት፦ ካሜራው ተደግኗል፣ ሹማምንቱ ከበውታል፣ የአንድ ከተማ ልጆች ጨዋታ በአንድ ሰው ጣት ላይ ወድቋል፤ ማሽኑ ደግሞ ያልለመደው ነው። የማያውቁት ፒንቦል የማያውቁት በቅሎ ነው፤ አንዱ ክንፉ ይዘገያል፣ ሌላው ቅንጡ ነው።

ተጫወተ። ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ አስቀድሞ እየተናገረ መታ። ጥሩ ነበር። ያ ሰውዬ ግን ግንባሩ አልተፈታም። ሻርፕ ያኔ የመጨረሻውን ካርድ መዘዘ። ፍሊፐሩን ትቶ ወደ ጥንቱ እጀታ፣ ወደ ሞላው ሄደ። ስቤ ስለቃት፣ አለ፣ ኳሷ ከላይ ካሉት መተላለፊያዎች በመካከለኛው ታልፋለች። ልብ በሉ፣ ይህ ላጉዋርዲያ የዕድል ያለው፣ ፍሊፐር ሳይኖር የነበረው ያ ምት ነው። ሳበ። ለቀቀ። ኳሷ ወጣች፣ ከላይ ገጭታ ነጠረች፣ መለስ አለች… በመካከለኛው ወረደች።

አለቀ። የምክር ቤቱ ኮሚቴ በሙሉ ድምፅ ደገፈ፤ በዚያው ዓመት እገዳው ተነሣ። ቆይቶ ሻርፕ ራሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? ያቺ ምት ዕድል ነበረች አለ! ፒንቦል ዕድል አይደለም የሚለው ፍርድ የተገኘው በዕድል ነው። እኔ ይህን ታሪክ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ለዚህ ነው። ሰውየው ደግሞ መናገሩ! ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር?

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። እኛ ሰፈር ፒንቦል አልነበረም፤ ጆተኒ ነበር። ያንን የብረት ዘንግ ላይ የተሰኩ የእንጨት ተጫዋቾች ጠረጴዛ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ እናቱ ከቤት አላስወጣችውም ማለት ነው። ከትምህርት ቤት የፎረፈ ልጅ የሚታደንበት ቦታ እሱ ነበር፤ ጆተኒ ቤት የሚውል ልጅ ደግሞ በሰፈሩ አሮጊት ዓይን ዱርዬ ነው፣ ነገሩ አልቋል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቆያል። ስለዚህ ጎበዝ ልጅ ባዶ ኪሱን ገብቶ ምሽቱን ሙሉ ይጫወታል፤ ሳንቲሙ የሌላው፣ ጊዜው የሱ። ሌላም ሕግ አለ፤ ዘንጉን እንደ ወፍጮ ማሽከርከር አይፈቀድም። ሲሽከረከር የገባ ጎል አይቆጠርም፤ ለምን ቢባል አላሰብክበትማ። የኒውዮርክ ምክር ቤት በስንት ዓመቱ የደረሰበትን ነገር የጆተኒ ልጆች ያለ ኮሚቴ ጨርሰውት ነበር።

ልመለስ። ሻርፕ ፒንቦልን ነጻ ሲያወጣ ቀጣዩ ማሽን ካሊፎርኒያ ውስጥ ተወልዶ ዳዴ እያለ ነበር። በ1972 ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ አታሪን መሠረቱ፤ አለን አልኮርን የሚባል ወጣት መሐንዲስ ቀጠሩና እንደ መለማመጃ አንድ ቀላል ጨዋታ ሥራ አሉት። ሁለት ሰረዝ፣ አንድ ነጥብ፤ የጠረጴዛ ቴኒስ። ስሙ «ፖንግ»። ሳኒቬል ከተማ አንዲ ካፕስ የሚባል መጠጥ ቤት ውስጥ ለሙከራ አቆሙት። ብዙ ሳይቆይ ተበላሽቷል ተብሎ ተደወለላቸው። አልኮርን ሄዶ ቢከፍተው ብልሽት የለም፤ ሣጥኑ በስሙኒ ጢም ብሎ ሌላ መዋጥ አቅቶት ነው። ሐሳቡ ግን ሙሉ በሙሉ የነሱ አልነበረም፤ ራልፍ ቤር ለቤት ቴሌቪዥን የሠራውን የቴኒስ ጨዋታ ቡሽኔል አስቀድሞ አይቶት ነበርና ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በስምምነት አለቀ።

ከዚያ 1978፣ ቶኪዮ። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የሚባል የታይቶ ኩባንያ ሰው ብቻውን ማለት ይቻላል፣ «ስፔስ ኢንቬደርስ»ን ሠራ። ከላይ አምስት ረድፍ ኦክቶፐስና ሸርጣን መሳይ ፍጡራን እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ፤ ከታች አንተ ትተኩሳለህ። በገደልካቸው ቁጥር የቀሩት ይፈጥናሉ። ይህ መጀመሪያ የታሰበበት አልነበረም፤ ማሽኑ ስክሪኑ ላይ ብዙ ሲሥል ይዘገያል፣ የሚሥለው ሲያንስ ይፈጥናል። ኒሺካዶ ድክመቱን አይቶ ተወው፤ ጨዋታው ልብ የሚያስመታው በዚያ ነው። ጃፓን ውስጥ በዚህ ጨዋታ ምክንያት የመቶ የን ሳንቲም ከገበያ ጠፋ ሲሉ ትሰማላችሁ፤ አትመኑ፣ ወሬ ነው። ወሬ ያልሆነውን ልንገራችሁ። ከላይ አልፎ አልፎ የሚያልፈው ሚስጥራዊ መርከብ ነጥቡ በዘፈቀደ ይመስላል፤ አይደለም። ማሽኑ ጥይትህን ይቆጥራል። 23ኛዋን ጥይት ለሱ ካቆየህለት 300 ነጥብ ይሰጥሃል፤ ከዚያ በኋላ በየ15ኛው። ይህን የደረሰበት ልጅ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ይጫወት ነበር፤ የሚያየው ሰው የሚጸልይ ይመስለው ይሆናል፤ እሱ ግን እየቆጠረ ነው።

አሁን ስክሪኑን ትተን ቤቱን እንይ። በ1981 አንድ የአሜሪካ ጌም ቤት ስትገባ መጀመሪያ የሚቀበልህ ጨለማ ነው፤ መስኮት የለም፣ ካለም ተሸፍኗል። ከዚያ ጩኸት። ሠላሳ ማሽን በአንድ ጊዜ ይንጫጫል፤ አንዱ ይፈነዳል፣ አንዱ ያፏጫል፣ ከጥግ ካለው ፒንቦል ሆድ ውስጥ ነጻ ጨዋታ ያሸነፈ ሰው ሲኖር አንድ ብረት እንጨት ይመታና ጧ! ይላል፤ ሁሉም ዞር ይላል። ትንንሾቹ ቁልፉ ላይ እንዲደርሱ የወተት ሣጥን ገልብጠው ይቆማሉ። ተራ የሚያዘው ደግሞ እንዲህ ነው፤ ስሙኒህን ስክሪኑ ሥር ከመስተዋቱ ጠርዝ ላይ ታስቀምጣለህ። ሌላው ከጎኗ ያስቀምጣል። አራት ስሙኒ ተደርድራ ካየህ አራት ልጅ ይቀድምሃል ማለት ነው። ምንም ምዝገባ የለም፣ ምንም ዘበኛ የለም። የሚጫወተው ካበቃ በኋላ ነጥቡ ከፍ ካለ በሦስት ፊደል ስሙን ይጽፋል። ብዙዎቹ ማሽኖች ግን ማታ ሲጠፉ ስሙም አብሮ ይጠፋል፤ ጠዋት ሁሉም እንደገና ማንም ነው።

ስሙኒዋ ደግሞ ቀልድ አልነበረችም። «ታይም» መጽሔት በጥር 1982 ሲጽፍ ባለፈው ዓመት ብቻ 20 ቢሊዮን ስሙኒ እነዚህ ማሽኖች ውስጥ ገብቷል አለ። ያንን ያህል ገንዘብ ያለበት ቦታ ደግሞ የሚቆጣ አይጠፋም። ላጉዋርዲያ ከሞተ ቆይቷል፤ መዶሻው ግን ወራሽ አገኘ። ፊሊፒንስን የሚገዛው ፌርዲናንድ ማርቆስ በኅዳር 1981 የቪዲዮ ጌሙንም ፒንቦሉንም በአንድ አዋጅ አገደ፤ ባለቤቶቹ ማሽናቸውን እንዲያወድሙ ቀን ተቆረጠላቸው። ወጣቱን ያበላሻል ነው ምክንያቱ። አገሩን በወታደራዊ ሕግ ስምንት ዓመት ያህል የገዛ ሰው ስለ ወጣት ሥነ ምግባር ሲቆጭ መስማት እንዴት ያለ ነገር ነው!

ሠሪዎቹም ቢሆኑ ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ስሙኒዋ ቶሎ እንድትሞት ይሠራሉ። ልጆቹ ደግሞ ያረዝማሉ። «ፓክ ማን»ን ውሰዱ። ቶሩ ኢዋታኒ በ1980 የሠራው፣ ሴቶችም ጥንዶችም እንዲጫወቱት ብሎ ከጥይት ይልቅ በመብላት ላይ የመሠረተው፣ አፉን ከፍቶ የሚሮጠው ቢጫ ክብ። አራቱ መናፍስት እያንዳንዳቸው ጠባይ አላቸው፤ ቀዩ ከኋላ ያሳድዳል፣ ሮዟ ከፊት ቀድማ ትጠብቃለች። ግን ዕጣ የሚጥሉ አይደሉም፤ አንተ ተመሳሳይ መንገድ ከሄድክ እነሱም ተመሳሳይ መንገድ ይሄዳሉ። ይህ ሲታወቅ ልጆች መንገዱን ደብተር ላይ ሥለው በቃላቸው ያዙት። በቃሉ የያዘ ሰው ዓይኑን ከሞላ ጎደል ጨፍኖ ይጫወታል፤ እስከ 256ኛው ደረጃ ድረስ። እዚያ ላይ የማሽኑ መቁጠሪያ ይሞላና የስክሪኑ ግማሽ ወደ ፊደልና ቁጥር ፍርስራሽ ይለወጣል፤ መቀጠል አይቻልም። ከዚያ በላይ የሚገኝ ነጥብ የለም፤ ጣሪያው 3,333,360 ነው። ለኔ ግን እንዲህ በቃል የሚወጣ ጨዋታ ብዙም አይጥመኝም። የኔ ፍቅር «አስትሮይድስ» ነው።

«አስትሮይድስ»ን ላይል ሬይንስና ኤድ ሎግ በ1979 ለአታሪ ሠሩት። ጥቁር ሰማይ፣ ነጭ መስመር ብቻ። መርከብህ ሦስት ማዕዘን ናት። ድንጋይ ይንሳፈፋል፤ ትልቁን ስትመታ ወደ መካከለኛ ይሰነጠቃል፣ መካከለኛው ወደ ትንሽ። ትንሹ ድንጋይ 100 ነጥብ ያወጣል። በየመሐሉ በራሪ ሳህን ብቅ ይላል፤ ትልቁ 200፣ ትንሹ፣ ዒላማው የማይስተው ክፉው፣ 1,000። በየ10,000 ነጥቡ አንዲት መርከብ ትጨመርልሃለች። ከጀርባ ዱም… ዱም… የሚል ድምፅ አለ፤ ዙሩ በገፋ ቁጥር ይፈጥናል።

ልጆቹ ይህን ሒሳብ ተቀምጠው አሰሉት። አንድ ትንሽ ሳህን ማለት አሥር ድንጋይ ነው። አሥር ሳህን ማለት አንድ መርከብ ነው። እንግዲያው ድንጋይ መስበር ምን ያደርጋል? አንድ ጠጠር ብቻ አስቀርተህ፣ ጠርዝ ይዘህ አድፍጥ፤ ሳህኑ ብቅ ሲል ጣለው፤ ደግሞ አድፍጥ። አንዲት ጠጠር እስካለች ድረስ ቀጣዩ ዙር አይመጣም። ሠሪዎቹ በደቂቃዎች ትሞታለች ያሏት ስሙኒ ሰዓታት መኖር ጀመረች። የቤቱ ባለቤት ከጀርባ ቆሞ ጥርሱን ያፋጫል፤ ማሽኑ ተይዟል፣ ሣጥኑ ግን አንዲት ሳንቲም ብቻ ነው ያለው። አታሪ ለቀጣዩ ማሽን ሳህኑን ብልህ አድርጎ አወጣው፤ የአሮጌው ግን አልፎበታል።

ቀስ እንላለን ያልኳችሁ እዚህ ነው። ስኮት ሳፍራን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ከኒው ጀርሲ። በኅዳር 1982 ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንድ የ«አስትሮይድስ» ማሽን ፊት ቆመ፤ ስሙኒዋን ከተተ፤ ጀመረ። ማሽኑ 99,990 ሲደርስ ቁጥሩ ስለሚያልቅበት ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ ነጥቡን የሚያውቀው ስንት ጊዜ ዜሮ እንደገባ የቆጠረ ሰው ነው። የሳፍራን ማሽን 413 ጊዜ ዜሮ ገባ። ሌሊት ሆነ፣ ነጋ፣ ደግሞ መሸ፤ ልጁ ቆሟል። እንዲህ ያለ ተጫዋች መጸዳጃ ቤት እንዴት ይሄዳል ብላችሁ እንደምታስቡ አውቃለሁ፤ እኔም መጀመሪያ የጠየቅሁት ይኼንን ነው። መርከብ ያጠራቅማል። ደርዘን ደርዘን መርከብ ስክሪኑ ላይ ከተደረደረች በኋላ ማሽኑን ጥሎ ይሄዳል፤ ድንጋዩ መርከቦቹን አንድ በአንድ ይጨርስ፤ የመጨረሻዋ ሳትሞት ተመልሶ ይደርሳል። በመርከብ ተከፍሎ ዳቦ የሚጎረስበት፣ ፊት የሚታጠብበት ጊዜ ይገዛል ማለት ነው። ያበቃው ሁለት ቀን አልፎት ነው፤ በ41,336,440።

ያን ጊዜ አዮዋ ክፍለ ግዛት ኦተምዋ በምትባል ትንሽ ከተማ ዋልተር ዴይ የሚባል ሰው ትዊን ጋላክሲስ የሚባል ጌም ቤት ከፍቶ የአገሩን ሁሉ ክብረ ወሰን እየመዘገበ ነበር። የሳፍራን ቁጥር መዝገቡ ውስጥ ገባ። ከዚያ ዓመታት አለፉ። ጌም ቤቶቹ እየተዘጉ ሄዱ፤ ልጆቹ ጨዋታውን ቤታቸው ሶፋ ላይ አገኙት። ሪከርዱ ግን የሚነካው ጠፋ። በ1998 ዴይ ልጁን፣ አሁን ጎልማሳ ሆኗል ያለውን፣ ፈልጎ ሊያከብረው ተነሣ። አራት ዓመት ፈለገ። በ2002 የተገኘው ወሬ ግን ሳፍራን በ1989 መሞቱ ነበር፤ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ጣሪያ ላይ የወጣች ድመቱን ሊያድን ሲሞክር ወድቆ። ሽልማቱን ፊላደልፊያ ላይ ቤተሰቡ ተቀበለ። ሞቱ ከተሰማም በኋላ ሪከርዱ አልወደቀም፤ ስንቶች ሞክረው እንቅልፍ ጣላቸው፣ የስንቱ ማሽን ተቃጠለ። ያረጀ ማሽን ከሰው ቀድሞ ይደክማላ።

የወደቀው በሚያዝያ 2010 ነው። ጆን ማካሊስተር የሚባል ተጫዋች 58 ሰዓት ያህል ተጫወተ። በዙሪያው ስሙኒ ደርድሮ ተራ የሚጠብቅ ልጅ አልነበረም፤ ሰዉ በኢንተርኔት ነበር በቀጥታ የሚያየው፤ በየአገሩ፣ በየአልጋው ላይ ሆኖ፣ ተኝቶ ሲነቃም ሰውየው እዚያው መሆኑን እያረጋገጠ። ሲያበቃ ስክሪኑ ላይ ያለው ሲደመር 41,338,740 ሆነ። ልጁን የበለጠው በ2,300 ነጥብ ነው። ሒሳቡን ልሥራላችሁ፤ ሁለት ትንንሽ ሳህንና ሦስት ጠጠር።